ያነበቡልንና ያላነበቡልን አለቆች

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ጥቂት አንከራተተኝና አለቀ፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። አሁን ጠዋት ጠዋት አማን ከተማ፣ ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር ካለችው ትንሽ ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ለሥራ ሲሯሯጥ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል።

በዚሁ ሰሞን አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ ሰላም በምታስተምርበት ኮሌጅ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆና ተሾመች። ደወለችና፣ «እማዬ፣ አንቺ ብዙ አለቃ አይተሻል፤ ጥሩ አለቃ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። በስልክ ልነግራት ሞከርኩ፤ አንዱን ስጀምር ሌላው እየመጣብኝ አልሆነልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍላት ወሰንኩ።

የእኔ ሥራ አስተርጓሚነት ነበር። አማን ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሠራተኛ ሴቶችን ጤና የሚያጠና ክፍል አለ። ተመራማሪዎቹ በዐረብኛ የሚጠይቁትን ለኢትዮጵያውያን ሴቶች በአማርኛ፣ ሴቶቹ የሚመልሱትን ደግሞ ለተመራማሪዎቹ በዐረብኛ አደርስ ነበር። የሥራ ዘመኔ ከሞላ ጎደል እዚያ አለቀ።

የገባሁበት በር ግን የኩሽና በር ነው። አማን የመጣሁት እንደ ብዙዎቻችን ሰው ቤት ለመሥራት ነበር። ኡም ኡዘይና በሚባል ሰፈር ሲት ነዋል የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ቤት ገባሁ። ሲት ነዋል ዝምታ አይወዱም። ሽንኩርት ስልጥም፣ ልብስ ስተኩስም አጠገቤ ቆመው ያወራሉ፤ ካልመለስኩላቸው ይከፋቸዋል። እንዲያ እያሉ ዐረብኛውን ወደድኩም ጠላሁም አስገቡልኝ።

አንድ ቀን ከጎረቤት ሕንፃ የምትሠራ የአገሬ ልጅ እጇን ካውያ አቃጠላት። ማዳሟ በረንዳ ላይ ወጥተው ተቆጡ፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አይሰሙም። እኔ ከበረንዳችን ሆኜ መሐል ገባሁ። ማዳሟ እጇን በጣም ያማት እንደሆነ ጠየቁ። ልጅቷ፣ «እጄስ ይድናል፤ ሆዴን ነው ያቃጠሉኝ» አለች። ሳላለሳልስ እንዳለችው ነገርኳቸው። ማዳሟ ልጅቷን እቅፍ አድርገው ወደ ውስጥ አስገቧት።

በዚያ ሰዓት ሲት ነዋል ጋ ሻይ ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታቸው ዶክተር ሂያም ሁሉንም ሰምተው ነበር። ዶክተር ሂያም የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ጥናታቸው ከሠራተኞች ጋር ስለሆነ አስተርጓሚ የሚያመጡት ከአስቀጣሪ ቢሮዎች ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ የቢሮ ሰው ፊት አፋቸውን አይከፍቱም። ሲት ነዋልን አስፈቀዱና ዓርብ ዓርብ ይዘውኝ መሄድ ጀመሩ። በኋላ ሲት ነዋል ልጃቸው ጋ ለመኖር ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሄዱ ከፋላዬና ኢቃማዬ፣ ማለት የአሠሪ ዋስትናዬና የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተዛውሮ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሆንኩ።

በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ወንበሬን ጎትቼ በተመራማሪዋና በሴትየዋ መሐል ተቀመጥኩ። ስንወጣ ዶክተር ሂያም ብቻችንን ሆነን፣ እንደ አገሩ ልማድ በልጄ ስም ጠርተውኝ፣ «ኡም ሰላም፣ ነገ ጎን ላይ ተቀመጪ። ሴትየዋ የምታየው የጠየቃትን ሰው ይሁን፤ አንቺን ትስማ እንጂ አትይሽ» አሉኝ። «እሷ እንዲህ አለች» ማለቱንም አስተዉኝ። ሴትየዋ «ደከመኝ» ካለች እኔም በዐረብኛ «ደከመኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ያሳፍራል። የሰው ሕመም አፍሽ ላይ «የኔ» ሲሆን ከበድ ይላል። ቆይቶ ግን ቃሉን የማሳመር ልማድ ይጠፋል፤ የራስን ሕመም ማን ያሳምራል።

ከሁሉ የከበደኝ ዝምታ ነበር። ሴትየዋ ዝም ስትል እኔ የምትለውን የረሳች ይመስለኝና ቃል ላቀብላት እቸኩላለሁ። ዶክተር ሂያም ከጠረጴዛው ሥር እጄን ነካ ያደርጉኛል። ጠብቂ ማለታቸው ነው። ጠብቄ የከሰርኩበት ቀን የለም።

መጠይቅ ስንተረጉም ደግሞ ሁለት አስተርጓሚ ነበርን። እኔ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ አመጣዋለሁ፤ ሌላዋ ዋናውን ሳታይ የእኔን አማርኛ ወደ ዐረብኛ ትመልሰዋለች። ከዚያ ሁለቱ ዐረብኛ ይተያያሉ። ዐረቦች ለጭንቀት «ዲቅ» ይላሉ፤ ቃሉ ጥበትም ማለት ነው። እኔ «ይጠብሻል ወይ?» ብዬ ጻፍኩት፤ ሲመለስ «የምትተኚበት ክፍል ጠባብ ነው ወይ?» ሆኖ መጣ። እኔ አፈርኩ፤ ዶክተር ሂያም ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ሆድ ይብስሻል ወይ?» የሚለውን አስገባንና የክፍሉን ጥበትም ለብቻው ጥያቄ አደረግነው። ጣሪያ ላይ ከውሃ ማጠራቀሚያ አጠገብ በተሠራች ክፍል የሚተኙት ሴቶች ለሁለቱም «አዎ» እያሉ መለሱልን።

እሑድ እዚህ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። ዶክተር ሂያም እሑድ ጠዋት የማራሚያ ቅጠል ሻያቸውን ይዘው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ምን ያዘሽ?» ምንም ያልያዘሽ ከሆነ ያልፋሉ፤ የያዘሽ ነገር ካለ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ተማሪ የሰጣቸውን ረቂቅ ከሐሙስ፣ ከሳምንቱ የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ አያሳልፉትም። በእርሳስ ነው የሚያርሙት፤ «ይህ ስሕተት ነው» ብለው አይጽፉም፣ ጥያቄ ይጽፋሉ እንጂ። ሲቆጡ በር ዘግተው ነው፣ ሲያመሰግኑ በር ከፍተው። ጥናቱ ሲታተም የሁላችንም ስም ይገባል፤ የእኔም ገብቷል። አንዱን ቅጂ ለእናቴ ልኬላት ዐረብኛውን ማንበብ ሳትችል ለጎረቤት ሁሉ ስታሳይ ኖራለች።

ጊዜያቸው ደረሰና ዶክተር ሂያም ጡረታ ወጡ። በቦታቸው ፕሮፌሰር ዋኤል መጡ። ስለ እሳቸው ስጽፍ ሐቀኛ መሆን አለብኝ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ስማቸው የታወቀ፣ ውጭ የተማሩ፣ ሲናገሩ አፍ የሚያስከፍቱ ሰው ናቸው። አዳዲስ ኮምፒውተሮችና አዳዲስ ፕሮጀክቶች ይዘው ገቡ፤ እኛም ደስ ብሎን አጨበጨብን። ችግሩ አይገኙም። ዛሬ ኢስታንቡል፣ ነገ ጄኔቫ ናቸው። መመሪያ የምናገኘው ከአየር ማረፊያ በሚልኩት የድምፅ መልእክት ነው፤ ከጀርባቸው የበረራ ጥሪ እየተሰማ። ሲመጡም ስልካቸው ጆሯቸው ላይ ነው፤ እያወሩ ይገባሉ፣ እያወሩ ይወጣሉ።

ያን ጊዜ ሩባ የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረችን። የሰልት ከተማ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ስትናገር የምትጣደፍ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ከቤተሰቧ እዚህ ደረጃ የደረሰ አልነበረም። የምታጠናው የቤት ሠራተኞችን የጀርባና የመገጣጠሚያ ሕመም ነበር። የጻፈችውን ምዕራፍ ለፕሮፌሰሩ ትልካለች፤ መልሱ የተቀሰረ አውራ ጣት ምስል ነው። አንብበውት ይሁን ሳያነቡት አታውቅም። ቀጠሮ ትይዛለች፤ በቀጠሮው ቀን አየር ላይ ናቸው።

አንድ ቀን የሕመሙን ጥያቄዎች አሳጥሩ የሚል መልእክት ከፕሮፌሰሩ መጣ። አሳጠርን። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ በሌላ ክፍለ ከተማ ከሌላ አስተርጓሚ ጋር ይጠይቅ ለነበረው ተማሪ፣ የድሮውን እንዲመልስና ቅደም ተከተሉን እንዲለውጥ ላኩለት። ለእኛ የነገረን የለም። ግማሹን ሴት እኛ በአንድ መንገድ፣ ግማሹን እሱ በሌላ መንገድ እየጠየቅን ከረምን። ሩባ አንድ ነገር እንደተዛባ ስትጠረጥር ጻፈችላቸው፤ መልሱ አውራ ጣት ሆነ።

ሥራው ለኮሚቴው የቀረበ ቀን እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ከውጭ የተጋበዙት ፈታኝ መልሶቹ ለምን እንደማይገጥሙ ጠየቁ። ፕሮፌሰር ዋኤል ወደ ሩባ ሳያዩ፣ «ተማሪዬ የሰጠኋትን መመሪያ አልተከተለችም» አሉ። ሩባ ኮምፒውተሯን ዘጋች። የሰበሰብነው ሁሉ ውድቅ ተደረገ። በማግስቱ ወንበሯ ባዶ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ።

ለእኔ ግን ከዚያም የባሰው ሴቶቹን ማግኘቱ ነበር። ተናገሩ ብለን ያስቸገርናቸው እኛ ነን፤ የሆነውን ሳይነገራቸው መቅረት የለበትም ብዬ አንድ በአንድ እየዞርኩ ነገርኳቸው። ዘይነባ ጋም ሄድኩ። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ዳቡቅ በሚባለው ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ከአልጋ የማይነሱ የአሠሪዎቿ ሽማግሌ አባት አሉ፤ የምታነሣቸውም የምታስተኛቸውም እሷ ናት። ዳቡቅ አውቶቡስ እንደልብ የለም። ለቃለ መጠይቁ በዕረፍት ቀኗ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ያን የሚያማትን ጀርባ ይዛ በእግሯ ነበር የመጣችው። ጥናቱ ከንቱ መቅረቱን ስነግራት አልተቆጣችም። የሻርፗን ጫፍ እያጠፈች፣

«እትዬ የሺ፣ ታዲያ ጀርባዬን ለማን ነበር የነገርኩት?» አለችኝ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳለቅስ ሾፌሩ ደንግጦ ውሃ ገዛልኝ።

ሩባን ያገኘኋት እዚሁ ተላዕ አል-ዓሊ፣ በአጎቷ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው። እርሳስ በየሳጥኑ ትደረድራለች። ሰላምታ ሰጠችኝና ስለ ጥናቱ እንዳላነሣባት ለመነችኝ። እኔም ሌላ ነገር ሳልጨምር የዘይነባን ቃል በዐረብኛ ነገርኳት፤ «ጀርባዬን ለማን ነበር የነገርኩት?» ብዬ፣ እንደ ልማዴ በ«እኔ»። ሩባ የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። እኔም ጠበቅኳት። ከዚያ ተነሥታ አጎቷን አስፈቀደችና አብረን ዶክተር ሂያም ቤት ሄድን።

ዶክተር ሂያም ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። ሩባ ለፕሮፌሰሩ እንዲደውሉላት ለመነቻቸው። እሳቸው ግን እንቢ አሉ። «እኔ ብደውል የሚሰሙት እኔን ነው። ነገ አንቺም ተማሪ ይኖርሻል፤ ይህን ንግግር መቻል አለብሽ» አሏት። እዚያው እንድትለማመደው አደረጓት፤ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልቅሶ፣ አንዴ ደግሞ በይቅርታ ጀመረችው፤ እየመለሱ አስጀመሯት። ሦስት ነገር ብቻ እስኪቀር ድረስ፤ የሆነው ምንድን ነው፣ ምን ጎዳኝ፣ ምን እፈልጋለሁ። እኔ አብሬ እንድገባ ለመነችኝ።

ፕሮፌሰሩ ከጉዞ በተመለሱበት ቀን ገባን። ስልካቸው እጃቸው ላይ ነበር። ሩባ ቆማ ተናገረች።

«ፕሮፌሰር፣ የላክሁልዎትን አላነበቡም። ለሁለታችን የተለያየ መመሪያ ሰጡን። በኮሚቴው ፊት ደግሞ ጥፋቱን ለእኔ አደረጉት። ሥራዬን መጨረስ እፈልጋለሁ፤ የሚያነብልኝ ሰው ግን ያስፈልገኛል።»

ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። ሩባ ዝምታውን ለመሙላት አፏን ስትከፍት እጅጌዋን ነካ አደረግኋት። ቆየን። ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር መናገር ጀመሩ። ውጭ ሲማሩ የነበራቸው አማካሪ በየቀኑ አንገታቸው ላይ ቁጭ ይሉ ነበር፤ የጻፉትን ሰው ፊት ይቀድዱባቸው ነበር፤ ከጭንቀቱ የተነሣ እሳቸው ይታመሙ ሁሉ ነበር። «ተማሪ ሲኖረኝ ማንንም እንዲህ አልጫንም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ጥያችሁ አልነበረም፤ ነፃ የተውኳችሁ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ» አለች ሩባ።

ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቁም። እንደ ፈራሁት ግን አልቀረም። በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ተነሥተው መመሪያው የተምታታው በእሳቸው መሆኑን በገዛ አፋቸው ተናገሩ፤ የሩባንም ሥራ ሌላ ሰው እንዲያማክር ጠየቁ። ዶክተር ሂያም ከጡረታ ተጠርተው አማካሪ ሆኑ።

ጥናቱ ከሀ ተጀመረ፤ አነስ ብሎ፣ አንድ መጠይቅ ይዞ። እኔ የፈራሁት እንደገና ሴቶቹን ማስቸገሩን ነበር። በየትኛው ፊቴ ነው ተመልሼ ተናገሩ የምላቸው? መጀመሪያ ዘይነባ ጋ ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ሳስረዳ አቋረጠችኝ።

«እትዬ፣ እኔ መቼ ጨርሼ ነው?»

በዚያ ብቻ አላበቃችም፤ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። ክርስቲያኖቹን የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ እናገኛለን፤ ሙስሊሞቹን ዒድ በዋለ ጊዜ መናፈሻ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ ማዕሙል የሚባለውን የቴምር ብስኩት እየበላን። እንዲያ የተሳቀበት ጥናት አላስታውስም። ዘይነባ ጀርባዋን እንዴት እንደሚያማት ለማሳየት ሩባን እንደ ሽማግሌው ምንጣፉ ላይ አስተኝታ አነሣቻት። ሩባ በማግስቱ እያነከሰች ገባችና የሕመሙን ምዕራፍ አሁን በደንብ እጽፈዋለሁ አለች። ዶክተር ሂያምም ከጥናቱ ጎን ለጎን ለታመሙት በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የጀርባ ሕክምና ቀጠሮ አስያዙላቸው። የዘይነባ አሠሪዎች ጥናቱን ሲሰሙ መጀመሪያ ተኮሳተሩ። የሽማግሌው ልጅ ግን አንድ ቀን ራሷ ክሊኒክ መጣችና በሽተኛ እንዴት እንደሚነሣ ከዘይነባ ጋር ተማረች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌውን ለሁለት ነው የሚያነሷቸው።

ሩባ ሥራዋን ያቀረበች ዕለት አዳራሹ ጠበበ። በአንድ በኩል ከሰልት የመጡት እናቷና አክስቶቿ፣ በሌላ በኩል የእኛ ሴቶች በየባህል ልብሳቸው። ዳኞቹ ሊመካከሩ ወጥተው ሲመለሱ ሊቀ መንበሩ ረጅሙን ማሳሰቢያ ማንበብ ጀመሩ። ዘይነባ መታገሥ አቅቷት ጮክ ብላ በአማርኛ «አለፈች ወይ?» አለችኝ። ሰውየው ቋንቋውን ባያውቁም ነገሩ ገባቸው፤ ቀና ብለው «መብሩክ»፣ ማለት እንኳን ደስ አላችሁ፣ አሏት። የሰልት ሴቶች ዘግሩታቸውን አቀለጡት፤ የእኛዎቹም በራሳቸው እልልታ ተቀበሏቸው። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሩባ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሠራሁት በእሷ ሥር ነው። መጀመሪያ ላይ እሷም ሌላኛው ጥግ ሄደች። በእሷ የደረሰው በማንም እንዳይደርስ ብላ ተማሪዎቿን በየሰዓቱ ታያለች፤ ገና ያልጨረሱትን ዓረፍተ ነገር ከኋላቸው ቆማ ታርማለች። የጫማዋን ድምፅ ሲሰሙ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሮጡ ነበሩ። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ገባሁ።

«ልጄ፣ እሳቸው የተጻፈውን አላነበቡም፤ አንቺ ደግሞ ሳይጻፍ ታነቢያለሽ» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ቆይታ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ እሑድ እሑድ ብቻ ትዞር ጀመር፤ የቀረውን ጊዜ በሯን ከፍታ ትጠብቃለች። ፕሮፌሰር ዋኤልም ኃላፊነቱን ካስረከቡ በኋላ ወደ ማስተማር ተመለሱ። አንድ ተማሪ ብቻ ነበር የሚቀበሉት፤ ያን አንዱን ግን ያነቡለታል። ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፤ ተማሪው ስለ መዘግየታቸው ሲያማርር ሰምቼ በልቤ ደስ አለኝ።

የስንብቴ ዕለት ክናፌ የሚባለው የአይብ ጣፋጭ በትልቅ ትሪ መጣ። ዶክተር ሂያም በከዘራ ተደግፈው መጥተው ትልቁን ወንበር ያዙ። ፕሮፌሰር ዋኤልም ከተማሪያቸው ጋር ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ንግግሩ ሲያልቅ አንዷ ተማሪ ተነሥታ ሩባን ማስመሰል ጀመረች፤ አረማመዷን፣ አጣዳፊ አነጋገሯን፣ አፏን ሸፍና መሳቋን። አለቃዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ። ሩባ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሌላው ዶክተር ሂያምን አስመስሎ ከዘራ እያንኳኳ «ምን ያዘሽ?» እያለ ዞረ። እኔንም ሲያስመስሉኝ ጎን ላይ ተቀምጬ ሰው ሁሉ የሚለውን ስደግም ራሴን አየሁት።

ድንገት ፕሮፌሰር ዋኤል፣ «እኔንስ የሚያስመስል የለም?» አሉ።

ሳቁ ቆመ። ተማሪዎቹ ተያዩ። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝና ተነሣሁ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ በዚያ በሚያምር ዐረብኛቸው ስለ ጄኔቫ እያወራሁ በመሐላቸው አለፍኩ፤ ለሩባ ሳላያት አውራ ጣቴን ቀስሬላት ወጣሁ። ከኋላዬ የክፍሉ ሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሳቸው ሳቅ ነበር።

ስመለስ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ።

«ጎበዝ፣ ኡም ሰላም» አሉኝ፤ «ግን ስልኩን የምይዘው በግራ እጄ ነው።»

በዚያ ሁሉ ዓመት ከእሳቸው ያገኘኋት የመጀመሪያዋ እርማት ናት። ስልኩን ወደ ግራ እጄ አዛውሬ እንደገና ሠራሁት።